የእንጦንስን ሥዕሎች ታሪክ ማን ይናገር?

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አባቶች፣ ውድ ተመራቂ አስጎብኚዎች፤

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። ጎንደር እንግዳ መቀበልን ከማንም የምትማር ከተማ አይደለችም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ግቢያቸው አሳርፈውታል፤ እሱም ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ እንደተጻፈ ይዞ ሄዷል። ጎብኚ ለታሪካችን የዋለውን ውለታ አልክድም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ በአገራችን ተዘዋውሮ ያየውን ባይጽፍ ኖሮ፣ ከኢማም አህመድ ዘመቻ በፊት ስለነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ዛሬ ከምናውቀው ብዙው ይጎድለን ነበር።

እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ደብር ልናገር ነው፤ ስለ አባ እንጦንስ።

እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሰፈረ። የእንጦንስ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። ቡድኑ ሥዕሎቹ እየተጎዱ ነው በሚል ምክንያት ጨርቁን ከግድግዳው እየላጠ አነሣ፤ በቦታቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ገቡ። ዋናዎቹ ተጠቅልለው ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ምእመናን ሲሳለሟቸው የኖሩት ቅዱሳን ለቤተ መዘክር ዕቃ ሆኑ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በማን ቃል እንደምናውቀው አስቡ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በየዕለቱ ከመዘገበው ማስታወሻ ነው! ሥዕሉን የወሰደው ጎብኚ፣ ታሪኩን የጻፈው ጎብኚ፣ የመወሰዱን ምክንያት ያስረዳንም ጎብኚ። በዚያ ግድግዳ ሥር ሲቀድሱ የኖሩት ካህናት ምን አሉ? ያዘነ አልነበረም? የተቃወመስ? አንድ ጊዜ አንድ አስጎብኚ በእንግዶች ፊት «ፈረንሳዮች ባይወስዷቸው ኖሮ ጠፍተው ነበር» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። የወሳጁን መከራከሪያ የባለቤቱ ልጅ በገዛ አፉ ሲደግመው ከመስማት የበለጠ ምን ያሳዝናል? የደብሩ ጣሪያ ካፈሰሰ ጣሪያውን መጠገን ይቻል ነበር፤ ግድግዳውን ማራቆት መጠገን አይደለም!

ሌላ ዓይነት ጉብኝት እንደነበረም እወቁ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ተጉዘው ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራቸው አስተማሩ፤ ሉዶልፍም የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም መምህሩ ማን እንደነበሩ በስማቸው ጠርቶ መስክሯል። ለሌሪስ በጎንደር ያስተረጎሙለትን የአባ ጀሮም ገብረ ሙሴን ስም ግን ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል?

ስለ ክፍያ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ቋንቋ መምህራኖቻችሁ በሚገባ አስተምረዋችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ከገጠር በእግሩ መጥቶ ደጀ ሰላም የሚሳለመው ወገናችንም ጎብኚ ነውና፣ ከባዕዱ ባላነሰ ክብር አስተናግዱት።

የምጠይቃችሁ ይህን ብቻ ነው፦ እንግዳ ይዛችሁ ወደ እንጦንስ ስትሄዱ፣ ዋናዎቹ ሥዕሎች የት እንዳሉ፣ በማን እጅና በየትኛው ዓመት እንደተነሡ ሳትናገሩ አትመለሱ። አያቶቻቸው ስለዚያ ዓመት የነገሯቸው የአካባቢው አረጋውያን ካሉም፣ ቃላቸውን በድምፅ ቅዱ፤ ስማቸውንም ከቃላቸው ጋር ጻፉ።

አመሰግናለሁ።