ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ታካሚውስ እንዴት ሆነ?

(ለቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችና መምህራን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሬዚደንቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ፐብሊኬሽን፣ ማለትም ጥናት ጽፎ በጆርናል ስለማሳተም፣ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል። ለማዕረግ ዕድገት ይጠየቃል፤ ለፌሎሺፕ ስናመለክትም ይታያል። የአንድ ሐኪም ስም ሲነሳ ጎግል ስኮላር የሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ገብተን፣ ጽሑፎቹ በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር እናያለን። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ “ሰውየው ቀላል አይደለም” እንላለን።

ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በ2005። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማን ጠቀሰው፣ ለምን ጠቀሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያደነቀውም የተቃወመውም እኩል ይቆጠራል።

የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስትን፣ ማለትም ቡድኑ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ነጥብ በነጥብ የሚያረጋግጠውን ዝርዝር፣ የሚመለከተውን ጥናት ታውቁታላችሁ። አሌክስ ሄይንስ፣ አቱል ጋዋንዴና ባልደረቦቻቸው በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ያወጡት ነው። ስምንት ከተሞች ውስጥ ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሠራ፤ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ነበረች። ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ጽሑፉ በሺዎች ጊዜ ተጠቅሷል። በ2014 እዚያው ጆርናል ላይ ከካናዳ፣ ከኦንታሪዮ ሌላ ጥናት ወጣ። 101 ሆስፒታሎችን አይቶ፣ ቼክሊስቱ ከገባ በኋላ በሞት ላይ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላገኘሁም አለ። ተቃውሞም ሆኖ ለ2009ኙ ጽሑፍ አንድ ሳይቴሽን፣ ማለትም አንድ መጠቀስ፣ ጨመረለት። እንዲህ ያለ ክርክር ለሙያችን ጤና ነው። ቁጥሩ ግን ክርክር መኖሩን እንኳ አይነግራችሁም።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ።

ሰኔ 2011፣ ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ሆስፒታል። ታካሚው አይስላንድ የሚማር ኤርትራዊ ነው፤ የልጆች አባት። የአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ ወጥቶበታል። ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ታዋቂ ቀዶ ሐኪም የታመመውን ቧንቧ አውጥቶ የፕላስቲክ ቧንቧ ተካለት። ፕላስቲኩ ላይ ከታካሚው መቅኒ የተወሰዱ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊያድጉ የሚችሉ ሴሎች፣ ተደርገውበታል። በዓለም የመጀመሪያው ተባለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ። ከባድ ችግር አልገጠመም፣ ከአምስት ወር በኋላም ታካሚው ምንም የሕመም ምልክት የለውም ይላል።

ጽሑፉ መጠቀስ ጀመረ። የሐኪሙ ስም ገነነ። ታካሚው ግን ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። ጥር 2014 ሞተ። ስዊድን ውስጥ ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ከጊዜ በኋላ ሞተዋል። የጎረቤት ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም የማነሳው። እውነቱን ለመናገር ግን እሱም አለበት።

ነገሩን ማን ደረሰበት? እዚያው ሆስፒታል የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ናቸው። የታካሚዎቹን ካርድ ከጽሑፎቹ ጋር አነጻጸሩ። አልገጠመም። በ2014 አቤት አሉ። ከውጭ የተጠራ መርማሪም ጥፋት አለ አለ። ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት፣ ግን በ2015 ማኪያሪኒን ነጻ ነህ አለው። እዚህ ላይ ሁሌም እናደዳለሁ። ካርዱ እዚያው ነበር፤ መርማሪውም ተናግሮ ነበር። የስዊድን ቴሌቪዥን ጉዳዩን አደባባይ ካወጣው በኋላ፣ በ2016፣ ከሥራ ተባረረ። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት። ላንሴትም ጽሑፉን የሰረዘው በዚያው ዓመት ነው፤ ከወጣ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ። እስከዚያ የጠቀሱት ጽሑፎች ግን ዛሬም አሉ፤ ጽሑፉ ተሰረዘ ተብሎ ሳይቴሽኑ ወደ ዜሮ አይመለስም።

ፐብሊኬሽን ይቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ብዙ እንድንጽፍ እፈልጋለሁ። የምለምነው ሌላ ነው።

ሬዚደንቶች፣ ታካሚ ከሩቅ ገጠር ይመጣል፣ ይሠራለታል፣ ይወጣል፣ በዚያው ይጠፋል። እኛም ዳታው ላይ “ክትትሉን አቋርጧል” ብለን እናልፈዋለን። ሲወጣ የእሱንም የአስታማሚውንም ስልክ ያዙ። ደውሉ። ቁስሉ መድረቁን ጠይቁ፤ ወደ ሥራው መመለሱን ጠይቁ። የሞተውን ከሠንጠረዡ አታውጡት።

መምህራን፣ የዕድገት ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ ከጽሑፎቹ አንዱን ምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። ታካሚዎቹን ለስንት ጊዜ ተከታተልካቸው፣ ስንቶቹስ ጠፉ ብላችሁ ጠይቁ። ሬዚደንት “የጻፍነው ከካርዱ ጋር አይገጥምም” ብሎ ሲመጣ ደግሞ አታሸማቁት። ከጽሑፉ ደራሲዎች ውጭ የሆነ ሰው ካርዶቹን አውጥቶ ይይለት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።