ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እያለ ውሃው ቆመ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ሜዳ ላይ በፀሐይ ውሃ አሙቄ ስለምታጠብበት አንድ ጥቁር ጀሪካን ነው። አትሳቁ።

ድንኳን ይዞ የሚወጣ ሰው ሁለተኛውን ቀን ያውቀዋል። ላቡ፣ አቧራው፣ የእሳቱ ጭስ ሰውነት ላይ ተደራርቦ ይደርቃል። ማታ ልትተኙ ስትሉ የራሳችሁ ሽታ ቀድሟችሁ ገብቶ ይጠብቃችኋል። እኔ ለዓመታት በእርጥብ ሶፍት እየተጠራረግኩ ንጹሕ ነኝ ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

አንድ ቀን የ20 ሊትር ጀሪካን አንስቼ ጥቁር ቀባሁት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥቁር ነገር ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፣ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል። ከታች በትራፓኖ በስቼ ትንሽ ቧንቧ ገጠምኩ፣ ከቧንቧው ጎማ አስረዘምኩ፣ ጫፉ ላይ የአትክልት ማጠጫ ራስ አሰርኩ። ክፍተቱን በሲሊኮን ደፈንኩና ኮራሁ።

ሲሊኮን ጀሪካን ላይ እንደማይይዝ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ፕላስቲኩ ሙልጭልጭ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ቀለሙም እንደዚያው። አሁን ቀለም ከመቀባቴ በፊት በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍገዋለሁ፤ ቧንቧውን ደግሞ ከውስጥም ከውጭም የጎማ ቀለበት አድርጌ በዳዶ አጠብቀዋለሁ። ማጣበቂያ የሚባል ነገር አልነካም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገራችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አስተኝቼ ለእግር ጉዞ ወጣሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተመልሼ ስነካው ቀዝቃዛ ነው። ለካ የዛፉ ጥላ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ላዩ ላይ ተኝቶ ኖሯል። ፀሐይ ትዞራለች እንጂ ትቆማለች ያለኝ ማን ነው? እኔው ነኝ።

በነጋታው ገላጣ ቦታ ፈለግኩ። ያም ሆኖ ለብ ከማለት አላለፈም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 20 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ከፍ እንዲል 1,675 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ፀሐይ በ1 ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ትሰጣለች። ተኝቶ የኔ ጀሪካን የሚያሳያት ፊት ግን የካሬ ሜትር አንድ ሰባተኛ ቢሆን ነው። ምንም ሳይባክን እንኳ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይባክናል ደግሞ፤ ነፋሱ አንድ ጎኑን እየላሰ ይወስደዋል።

መፍትሔው ሁለት ነበር። ወደ 10 ሊትር ወረድኩ። ከዚያ ጀሪካኑን ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ ላዩን በግልጽ ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ብርሃኑ ይገባል፣ ነፋሱ ግን አይደርስበትም። አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳነብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የሚባል የባልቲሞር ሰው ጥቁር የተቀቡ ታንከሮችን ፊቱ መስታወት በሆነ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ዘገየሁ ማለት ነው።

ውሃው ሞቀ። አሁን ወደ ርዕሱ እንግባ።

ጀሪካኑን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩ። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ሙቅ ውሃ አናቴ ላይ ወረደ፤ ምን ልበላችሁ፣ ጮኬያለሁ። ራሴን ሳሙና በሳሙና አደረግኩት። ውሃው እየቀጠነ መጣ፣ አንድ ሁለቴ ጉርግር አለ፣ ቀጥ አለ። ዓይኔ ይቃጠላል። አለቀ ብዬ እጄን ወደ ላይ ብልክ ከባድ ነው። ሙሉ ነው! ጎማውን ነቀነቅኩ፣ ነፋሁበት፣ ሰደብኩት። ጓደኛዬ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኖ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ክዳኑን ከፍተኸዋል?» አለ።

አልከፈትኩትም። እንዳይፈስ ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ውሃ ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት፤ ካልገባ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፣ የውጩ አየር ደግሞ ውሃውን ከታች ገፍቶ ይይዘዋል። በዳበሳ ክዳኑን ፈታ ሳደርገው ፉት ብሎ አየር ሳበ፣ ውሃውም ወረደ። ስለ ሙቀት ስንት ቀን ተጨንቄ ያሰቃየኝ ክዳን!

አንዳንዱ «ግፊቱ ደካማ ነው» ብሎ በብስክሌት ፓምፕ አየር ይሞላበታል። እኔ አልሞክረውም። ጀሪካን ለዚያ አልተሠራም፣ በፀሐይ የሞቀ ፕላስቲክ ደግሞ ይለሰልሳል። 2 ሜትር ከፍታ 0.2 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይበቃል። የቤት ሻወር በደቂቃ 8 ወይ 10 ሊትር ያፈሳል። ሜዳ ላይ ረጥቤ እዘጋለሁ፣ ሳሙና እቀባለሁ፣ ከፍቼ እለቀለቃለሁ። 6 ሊትር ተርፎኝ ያውቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ከጀሪካኑ ይልቅ ይፋጃል፤ የመጀመሪያውን መሬት ላይ አፍስሱት፣ ከዚያ በእጃችሁ ሞክሩ። ሳሙናውን ደግሞ ከወንዝ ከሐይቅ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ተጠቀሙ። «በተፈጥሮ የሚበሰብስ ነው» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን።

ጓደኛዬ አሁንም ድንኳን በተከልን ቁጥር ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ቡና ሲያፈላ፣ መኪና ስንጭን፣ ምንም በማይገናኝበት ቦታ፦ «ክዳኑን ከፍተኸዋል?»

የተረፈውን ውሃ ሁልጊዜ ደፍቼ ነው የምመለሰው፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ጀርም ያራባል። አሁንም ይሄን ፕሮግራም ስቀዳ ጀሪካኑ መስኮቱ ጋ ተዘቅዝቆ እየደረቀ ነው። ክዳኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ማይኩ አጠገብ።