የቆመውን መስኮት ቶሎ አትዝጉት

ውድ ባልደረቦቼ፣ መምህራን፣ እናንተም በቅርቡ ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ፕሮግራመሮች፣ እንደምን አደራችሁ።

እንድናገር የተጋበዝሁት የዴስክቶፕ ፕሮግራም በምንሠራበት ጊዜ በበይነ ገጹ፣ ማለትም ተጠቃሚው በሚያየው መስኮት ላይ ስለሚያጋጥሙን ችግሮች ነው። «ዛሬም ዴስክቶፕ የሚሠራ አለ እንዴ?» የሚል ፈገግታ በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ አያለሁ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በቅርብ ወደምታገኙት መድኃኒት ቤት ጎራ በሉና ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ስክሪን ሰረቅ አድርጋችሁ እዩት። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሽያጩ አይቆምምና፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እዚያው ማሽን ላይ የተጫነ፣ ግራጫ መስኮቶች ያሉት፣ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሲቆም የሚደወለውም ለዚያው ሰው ነው። ዛሬ የማነጋግረው እሱን ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ፕሮግራማችሁ ሲቆም መስኮቱን ቶሎ አትዝጉት።

ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። መስኮቱ ነጣ ይላል፤ ከላይ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ እጃችን በቀጥታ የቆመ ፕሮግራም ወደሚዘጋበት ወደ ታስክ ማናጀር ይሄዳል። ፕሮግራሙን ገድለን እንደገና እንከፍተዋለን። ደህና ይሠራል። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» ብለን እናልፈዋለን። ከዚያም ኮዱን ከፍተን በግምት እዚህም እዚያም እንነካካለን። ፕሮግራሙ ግን በቆመበት ቅጽበት የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ በግልጽ ሊነግረን ይችል ነበር። ማስረጃውን ያጠፋነው እኛው ነን።

እስቲ በዚያ ቅጽበት ምን እንደሚሆን እንመልከት። የዴስክቶፕ ፕሮግራም መስኮቱን የሚያስተዳድር አንድ ዋና ትሬድ፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ የሚፈጽም የሥራ ክር፣ አለው። የማውስ ጠቅታ፣ የኪቦርድ ምት፣ መስኮቱን እንደገና የመሳል ትእዛዝ፣ ሁሉም በአንድ ወረፋ ይሰለፋሉ፤ ዋናው ትሬድ ተራ በተራ እያነሣ ያስተናግዳቸዋል። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውን የቀበሌ መዝገብ ቤት አስቡ። ሠራተኛው የአንድ ባለጉዳይ ፋይል ሊፈልግ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማኅተም ብቻ የሚፈልገውም ሰው እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል። ዊንዶውስ አንድ መስኮት ለ5 ሰከንድ ያህል ከወረፋው ምንም ሳያነሣ ሲቀር ተሰቅሏል ብሎ ይፈርድና በላዩ ላይ የራሱን ምትክ መስኮት ያስቀምጣል። ያ የነጣው መስኮት የእናንተ አይደለም፤ የዊንዶውስ ነው። የእናንተው ከሥሩ አለ፤ ምናልባትም ያዘዛችሁትን ሥራ በትጋት እየሠራ ነው።

ለምን አንድ ትሬድ ብቻ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ብዙ ትሬዶች መስኮቱን እንደልባቸው እንዲነኩት ለማድረግ ተሞክሯል። የተጠቃሚው ጠቅታ ከታች ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ፕሮግራሙ ይወጣል፤ የፕሮግራሙ ትእዛዝ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ በመንገዳቸው ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርጉትን) በተቃራኒ ቅደም ተከተል ይይዙና መሃል ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ለዘላለም ይቆማሉ። ስለዚህ መስኮት የምንሠራባቸው መሣሪያዎች፣ ዊንዶውስ ፎርምስ፣ ደብልዩ ፒ ኤፍ፣ የጃቫው ስዊንግ፣ ኪዩት፣ ሁሉም ተመሳሳይ ሕግ ላይ ደረሱ፤ መስኮቱን የሚነካው አንድ ትሬድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤታችን እንመለስ። ባለሙያዋ የመድኃኒት ስም ጽፋ «ፈልግ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። የቁልፉ ኮድ ዳታቤዙን ይከፍታል፣ የዕቃውን ዝርዝር በሙሉ ያመጣል፣ ከዚያም አንድ በአንድ ሰንጠረዡ ላይ ይደረድራል። በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ የተጻፉ ጥቂት መድኃኒቶች ብቻ ስለነበሩ ቁልፉ እንደተጫነ መልሱ ይመጣ ነበር። በመድኃኒት ቤቱ ግን የዓመታት መዝገብ አለ፤ ዳታቤዙም የሚገኘው በጓዳው ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። መስኮቱ ይነጣል።

በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ኮድ በምንጽፍበትና በምንመረምርበት በቪዥዋል ስቱዲዮ ሥር የሚሮጥ ከሆነ ለአፍታ የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ከትሬዶች ዝርዝር ውስጥ ዋናውን ምረጡ፤ የጥሪዎቹንም ቁልል፣ ማለትም የትኛው ኮድ የትኛውን እንደጠራ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ አንብቡ። ከታች ወደ ላይ ስትሄዱ የወረፋውን ዑደት፣ ከዚያ የ«ፈልግ» ቁልፍን ኮድ፣ ከዚያ የዳታቤዙን ጥሪ፣ ከሁሉ በላይ የኔትወርክ መልስ የሚጠብቀውን መስመር ታገኛላችሁ። መላ ምት አያስፈልግም፤ ተጽፎላችኋል። ለጃቫ ሠሪዎች ጄስታክ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ያትምላችኋል። ደንበኛው ዘንድ ደግሞ ቪዥዋል ስቱዲዮ የለም፤ ታስክ ማናጀር ግን አለ። የቆመውን ፕሮግራም ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ብትጫኑት ከመግደያው ሌላ የደምፕ ፋይል (የፕሮግራሙ የዚያ ቅጽበት ማኅደረ ትውስታ ቅጂ) መፍጠሪያ የሚል ምርጫ አለ። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱና ቢሯችሁ ሆናችሁ ክፈቱት። ደንበኛው በሽያጭ ሰዓት በባንኮኒው ላይ ከሚቆጣችሁ ይህ ይሻላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከባዱ ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ይሂድ፣ ውጤቱ ብቻ ወደ ዋናው ይመለስ። ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2012 በአምስተኛ ስሪቱ ዋናውን ትሬድ ሳያግዱ መጠበቅ የሚያስችሉትን ኤሲንክና አዌይት የሚባሉ ቃላት ካመጣ ወዲህ ይህ ጥቂት መስመሮችን ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚያሳስበኝ ሁለት የሐሰት መድኃኒቶች በየቦታው መታዘዛቸው ነው። አንደኛው ዱ ኢቨንትስ የሚባለው ትእዛዝ ነው። በከባዱ ሥራ መሃል ዋናውን ትሬድ «እስቲ ወረፋውን አየት አድርገህ ና» ይለዋል፤ መስኮቱም ሕይወት የዘራ ይመስላል። ነገር ግን ወረፋው ውስጥ ሌላ የ«መዝግብ» ጠቅታ ካለ፣ የመጀመሪያው ምዝገባ ሳያልቅ ሁለተኛው በላዩ ይጀምራል። አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ካገኛችሁት መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱን አሠራር በግማሽ መቀበል ነው። ሥራውን ወደ ጎን ልከው ሲያበቁ፣ ዋናው ትሬድ ላይ ሆነው ሪዘልት በሚለው ንብረት ውጤቱን አፍጥጠው ይጠብቃሉ። ዋናው ትሬድ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሥራው ደግሞ ለማለቅ ወደ ዋናው ትሬድ መመለስ አለበት። ይህ መስኮት ነገም አይከፈትም። እዚህም ቢሆን የጥሪ ቁልሉን ያነበበ ወዲያው ያገኘዋል፤ ያላነበበ ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ሥራው ወደ ጎን ከተላከ በኋላም ቁልፉን እንዳይጫን አጥፉት፤ ሥራው በስኬትም ይለቅ በስህተት መልሳችሁ አብሩት። ሰው አንድ ነገር ጠቅ አድርጎ እስከ 0.1 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካገኘ ራሱ ያደረገው ይመስለዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ፊቱን ወደ ሌላ ነገር ያዞራል። ከ1 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ሥራ ካላችሁ «በመፈለግ ላይ» የምትል አንዲት ቃል ብትሆን አሳዩ። በዝምታ መሃል ቁልፉን ደጋግሞ የሚጫን ተጠቃሚ ጥፋተኛ አይደለም።

ሥራን ወደ ሌላ ትሬድ መላክ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ያ ሌላ ትሬድ ሥራውን ሲጨርስ በቀጥታ ሰንጠረዡን ሊነካ ይሞክራል። ዊንዶውስ ፎርምስ ከዶት ኔት 2.0 ጀምሮ ይህን ሲያይ «መቆጣጠሪያው ከፈጠረው ትሬድ ውጭ ተነክቷል» እያለ ይጮኻል። ልብ በሉ፤ ይህ ጥበቃ በራሱ የሚበራው ፕሮግራሙ በዲበገር (በስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) ሥር ሲሮጥ ነው። ደንበኛው ዘንድ ጩኸቱ ላይኖር ይችላል፤ ሰንጠረዡ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንዴ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ ያንን ጩኸት ስህተትን በሚይዘው በትራይ ካች የሚያፍኑ፣ ወይም ጥበቃውን ራሱን የሚያጠፉ ሰዎች ስህተቱን አላረሙትም፤ ወደ ደንበኛው አስተላለፉት እንጂ። ትክክለኛው መንገድ ውጤቱን በዋናው ትሬድ ወረፋ ማሰለፍ ነው፤ በዊንዶውስ ፎርምስ ቢጊን ኢንቮክ፣ በደብልዩ ፒ ኤፍ ዲስፓቸር፣ በስዊንግ ኢንቮክ ሌተር፣ በጃቫ ኤፍ ኤክስ ረን ሌተር። ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ይህን በባዕድ አገር የመማሪያ ቪዲዮዎች አታገኙትም። ደንበኛው ደውሎ «አማርኛው ተበላሽቷል» ሲላችሁ ስክሪኑን በስልኩ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ የብልሽቱ መልክ በሽታውን ይናገራልና። ባዶ ሳጥኖች ካያችሁ ተደሰቱ፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። የጥያቄ ምልክቶች ከተደረደሩ ግን እዘኑ፤ ጽሑፉ ወደ ዳታቤዙ ሲገባ ጠፍቷል፣ ከዚያ የሚመልሰው የለም። ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ ዓምዱ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው ኤን ቫርቻር መሆን ሲገባው ቫርቻር ተብሎ ይሆናል። ዓምዱ ትክክል ሆኖ ሳለም፣ ትእዛዙ ውስጥ አማርኛውን በቀጥታ ጽፋችሁ ከፊቱ ኤን የምትለዋን ፊደል ከረሳችሁ ውጤቱ ያው የጥያቄ ምልክት ነው። ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይታችሁ በፓራሜትር ላኩ፤ ከሌላም ብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

ሦስተኛው መልክ ለእኔ ከሁሉ ያምራል። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ የመጀመሪያውም ምልክት ሁልጊዜ በራሱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ነው። የፊደል ገበታችን ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ 8 አሠራር ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያውም ባይት ለሁሉም አንድ ነው። ፕሮግራሙ ያንን በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ሲያነብበው ሦስቱን ባይት ሦስት ምልክት ያደርጋቸዋል። የገበታው መጀመሪያ ሀ እንኳ በመጨረሻዋ የዩሮ ምልክት ይዛ ትመጣለች። ይህን ያየ ሰው ዳታው እንዳልጠፋ ይወቅ፤ ፋይሉን ሲከፍት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ይንገረው፣ ይበቃል። እንዲያው ዝብርቅርቅ ያለ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጥብ ካያችሁ ደግሞ፣ ጽሑፉ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መስፈርት በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሳይገባ በፊት በነበረው አሠራር፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አማርኛ በተሳለበት ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። የትኛው ፎንት እንደነበረ ካላወቃችሁ መለወጫ ሰንጠረዥ መምረጥ አትችሉም፤ ጽሑፉን የተየበችውን አንጋፋ ጸሐፊ ጠይቁ።

አጻጻፉ ራሱም ጉድ አለው። ድምፅን ተከትሎ በሚጻፍበት ኪቦርድ «ሰላም» ለማለት አምስት ምት ያስፈልጋል፤ ሳጥኑ ውስጥ በተራ የሚታየውም ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላም ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ፍለጋ የሚያስነሣ ሳጥን ከሠራችሁ ተጠቃሚው ባላሰበው ቃል እየፈለጋችሁ ነው። ሰውየው እጁን ጥቂት እስኪያሳርፍ፣ የሰከንድ ሲሶ ያህል፣ ታገሡ። ስም የሚቀበል ሳጥን ላይ የላቲን ፊደላትን ብቻ የሚፈቅድ ማጣሪያ ማድረግማ አሁንም የማየው ነገር ነው፤ ምን እንደምል አላውቅም። ፍለጋውም ቢሆን ኃይሉን በኃ የመዘገበ ሰው በሀ ሲፈልገው ማግኘት አለበት። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለማነጻጸር ብቻ በሚያገለግል ሌላ ዓምድ ላይ ወደ አንድ አምጧቸው፤ የሰውየውን ስም ግን ራሱ እንደጻፈው አስቀምጡት። ስም የባለቤቱ ነው።

ስለ ቀን ባጭሩ፤ የዶት ኔት የቀን መምረጫ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ሦስት ተቆልቋይ ዝርዝር ደርድሮ «ጳጉሜን 30»ን የሚቀበል ቅጽ ከመሥራት፣ አቆጣጠራችንን የሚያውቀውን አይ ሲ ዩ የሚባለውን የኮድ ስብስብ ተጠቀሙ። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ይቀመጥ፤ የሚለወጠው ሲታይ ነው።

የተቀሩትን በሩጫ ልበላቸው። ጽሑፉ ደብዝዞ የሚታይ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የስክሪን ማጉላትን እንደሚያውቅ አልነገረውም፤ ዊንዶውስም እንደ ፎቶ ለጥጦ ያሳየዋል። ስለ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ በሚናገረው ፋይል፣ በማኒፌስቱ ላይ፣ ማስታወቅ ነው መፍትሔው። ከሰዓት በኋላ እየከበደ ሄዶ ቁልፎቹን መሳል የሚያቆም ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ፣ ታስክ ማናጀር ላይ የጂ ዲ አይ ኦብጀክቶች (የመሳያ ዕቃዎች) ዓምድን አብሩ። ዊንዶውስ በነባሪነት ለአንድ ፕሮግራም 10,000 ብቻ ይፈቅዳል። ቁጥሩ አንድ መስኮት በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር እየወጣ የማይወርድ ከሆነ ብሩሽና ፎንት እየፈጠራችሁ አትለቁም ማለት ነው። ቅጹን የምትነድፉት በትልቅ ስክሪን ከሆነም፣ አንድ ጊዜ 1366 በ768 በሆነ ላፕቶፕ ላይ ማጉሊያውን 150 በመቶ አድርጋችሁ ክፈቱት። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ወርዶ ታገኙት ይሆናል፤ ተጠቃሚው «አይመዘግብም» ያለው እውነቱን ነበር።

ከሻይ በኋላ በጎን ባለው ክፍል ኮምፒውተሮች ተዘጋጅተዋል፤ ሆን ተብሎ እንዲቆሙ የተሠሩ ፕሮግራሞች ተጭነውባቸዋል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። ኮድ መንካት የሚፈቀደው ዋናው ትሬድ የቆመበትን መስመር ለአስተባባሪው ካስመዘገባችሁ በኋላ ነው። አመሰግናለሁ።