ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሰፊ መስኮት

[ምስል፦ ሰፊ የሳሎን መስኮት። የመጋረጃው ዘንግ መካከሉ ላይ ጎብጧል።]

እስቲ ይህን መስኮት ተመልከቱልኝ። መጋረጃው አዲስ ነው፣ ጨርቁም ጥሩ ጨርቅ ነው። ዓይናችሁ ግን ጨርቁ ላይ አላረፈም፤ ቀጥታ ወደ ጎበጠው ዘንግ ሄደ። የኔ ሥራ ነበር። ሁለት የእንጨት ዘንግ ጫፍ ለጫፍ በኮላ አጣበቅሁ፣ ግራና ቀኝ ሁለት መያዣ ግድግዳው ላይ መታሁና ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት ቆየ። በፋሲካ ዋዜማ እናቴ መጋረጃውን ልትከፍት ሳብ ስታደርገው ቀጭ አለና ዘንጉም ጨርቁም ቀለበቱም ሶፋው ላይ ወረደ። «ምነው ልጄ፣ አናጺ ብትጠራ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

እኔ ያኔ ጥፋቱን በኮላው አሳበብኩ። ኮላው ምንም አላጠፋም።

[ምስል፦ የተሰበረው መጋጠሚያ በቅርብ።]

ጫፉን እዩት። እንጨት ስትቆርጡት የሚታየው ጫፍ በብዙ ቀጫጭን ገለባ የታሰረ ነዶ ነው ማለት ይቻላል። ኮላ ስትቀቡት ይመጠዋል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፍ ለጫፍ የተጣበቀ እንጨት ሁልጊዜ ደካማ ነው። ግን ከዚህም የሚብስ ስህተት ሠርቻለሁ። መጋጠሚያውን አየር ላይ ተውኩት፤ ከሥሩ ምንም የለም።

የዛሬው ቪዲዮ ጉዳይ ይኸው ነው። መጋጠሚያው ሁለቱን ዘንጎች በአንድ መስመር ይይዛቸዋል እንጂ ሸክም አይሸከምም። ሸክሙን የሚችለው ከመጋጠሚያው ሥር የሚቆመው መካከለኛ መያዣ ነው።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ ስሌት።]

ስንት ኪሎ ነው የምንሰቅለው? የኔ መስኮት 3 ሜትር ከ50 ነው። በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ ብንል ዘንጉ 3 ሜትር ከ90 ይሆናል። መጋረጃ ደግሞ ሸብሸብ እንዲል የዘንጉን እጥፍ ይሰፋል፤ ወደ 8 ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ የካሬ ሜትሩ ክብደት 300 ግራም ከሆነ 6 ኪሎ ገደማ መጣ። ገበር ካለው ይጨምራል። ልጅ ከተንጠለጠለበት... እሱን አናስላው።

6 ኪሎ ብዙ አይመስልም። ክፉው ነገር ርዝመቱ ነው። በሁለት ድጋፍ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይጨምር፣ ዘንጉ የሚጎብጠው 16 እጥፍ ነው። ተገላቢጦሹ ደግሞ ያስደስታል፦ መካከሉ ላይ አንድ መያዣ አቁሙ፤ ጉብጠቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ውፍረትም ይረዳል፤ ከ28 ሚሊ ሜትር ዘንግ ወደ 35 ስትሄዱ ጥንካሬው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ያድጋል። ግን 35 ሚሊ ሜትር ዘንግም ቢሆን ለ4 ሜትር ያለ መካከለኛ ድጋፍ አይበቃም። እንጨት ደግሞ ጭነት ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ ዛሬ ትንሽ የጎበጠው ከዓመት በኋላ ብታወርዱትም ቀጥ አይልም።

«ታዲያ አንድ ረጅም ዘንግ ለምን አይገዛም?» የሚል አይጠፋም። ካገኛችሁ ግዙ። ከዚያ የ4 ሜትር እንጨት በኮንዶሚኒየም ደረጃ ወደ አራተኛ ፎቅ አዙሩትና ንገሩኝ።

[ምስል፦ ሁለት ባለ 2 ሜትር ዘንግ ጠረጴዛ ላይ።]

እንቁረጥ። ሁለት ሜትር ሲደመር ሁለት ሜትር አራት ነው፤ እኛ የምንፈልገው 3 ሜትር ከ90። 10 ሳንቲ ሜትሩን ከአንዱ ብቻ አትቁረጡ፤ መጋጠሚያው ከመካከል ይሸሻል። ከእያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር። ከየትኛው ጫፍ? ይህን ማንም አይነግራችሁም፦ ከውጪኛው ጫፍ። ፋብሪካ የቆረጠው ጫፍ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ስለሆነ እሱን ለመጋጠሚያው አቆዩት። እናንተ በእጅ መጋዝ የቆረጣችሁት ጫፍ ቢንጋደድም ጉልላቱ፣ ማለትም ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጌጥ፣ ይሸፍነዋል። ለመጋዙ መስመር እንዲሆናችሁ ወረቀት ዘንጉ ላይ ጠቅልሉና የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር ሲገጥም በእርሳስ ዙሩት።

[ምስል፦ አንጎላሬ ብረት (በማዕዘን የታጠፈ ረጅም ብረት) ውስጥ የተኙ ሁለት ዘንጎች።]

አሁን ወደ መጋጠሚያው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ራስ የሌለው፣ በሁለቱም በኩል ጥርስ ያለው ቪቴ ነው። ሁለተኛው የእንጨት ካስማ በኮላ፤ ካስማ ማለት ግማሹ በአንዱ ዘንግ፣ ግማሹ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ አጭር ድቡልቡል እንጨት ነው። ቪቴው ነገ መፍታት ለሚፈልግ፣ ለተከራይ ይመቻል። እኔ ካስማውን እመርጣለሁ፤ ቪቴ በእንጨት ጫፍ በኩል ሲገባ አያያዙ በጎን እንደሚገባው አይጠነክርም። ካስማው ግን በቀዳዳው ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚጣበቅ ኮላው ሥራውን ይሠራል። ለ35 ሚሊ ሜትር ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር ካስማ፣ በየጎኑ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የሚገባ።

ሰው የሚሸነፈው ቀዳዳው ላይ ነው። መሐል ለመሐል ካልሆነ ሁለቱ ዘንጎች ሲገጥሙ ደረጃ ይሠራሉ፤ ቀለበቱም እዚያ ደረጃ ላይ ይያዛል። የኔ ዘዴ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዘንግ መሐል በተቻላችሁ መጠን ፈልጉና ትንሽ ምስማር ምቱበት። ራሱን በፒንሳ ቁረጡት፤ ጥቂት ሹል ነገር ወጥቶ ይቅር። ሁለቱን ዘንጎች ይህን በመሰለ አንጎላሬ ብረት ውስጥ አስተኟቸውና አንዱን ወደ ሌላው ገፋ አድርጉ። ምስማሩ በሁለተኛው ላይ ነጥብ ይተዋል። መጀመሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር ስታችሁት ቢሆን እንኳ ሁለተኛውም በዚያው ልክ ስለሚስት ሲገጥሙ ይስተካከላሉ። ከመለያየታችሁ በፊት ግን ሁለቱን የሚያቋርጥ የእርሳስ መስመር ላያቸው ላይ ጣሉ፤ ኋላ በዚያው አቅጣጫ እንድትገጥሟቸው።

ምስማሩን ንቀሉ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምሩ፣ ከዚያ በ12። ድሪሉ ቀጥ ማለቱን እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ግራ ቀኙን ብቻ ነው የምታዩት፤ ወደ ላይ ወደ ታች መንጋደዱን የሚያይ አንድ ሰው በጎን በኩል ይቁም። ዘንጉ ሞርሳ ውስጥ ከሆነ ጨርቅ ጠቅልሉለት፤ አለዚያ ይነክሰዋል።

ካስማው ላይ በቢላ አንድ ቦይ ከላይ እስከ ታች ጫሩ። ኮላ የሞላ ቀዳዳ ውስጥ ካስማ ስትከቱ አየሩና ትርፉ ኮላ መውጫ ይፈልጋል፤ ካጣ ካስማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ወይም ዘንጉን ይሰነጥቀዋል። ግጠሙ፣ የእርሳስ መስመሩን አስተካክሉ፣ የወጣውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እዚያው አንጎላሬው ላይ እስከ ነገ ይተኛ። ሲደርቅ መገናኛውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሻሹትና ቀለሙ የተነሳበትን ቦታ ስስ ቫርኒሽ ቀቡ። ወፍራም አትቀቡ፤ እሱም ደረጃ ይሆናል።

[ምስል፦ ግድግዳ፣ የተወጠረ ሲባጎ።]

ግድግዳው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶው ላይ ከደረሳችሁ ፊሸሩ (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) ልስኑን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ አንድ ቀን ልስኑን ይዞት ይመጣል። ደግነቱ ከመስኮት በላይ ብዙ ጊዜ የአርማታ ማሰሪያ አለ። ለመብሳት ያስቸግራል፣ መዶሻ ያለው ድሪል ይጠይቃል፣ አንዴ የያዘውን ግን አይለቅም። ሦስቱም መያዣዎች እዚያ ላይ እንዲያርፉ ከፍታውን ምረጡ።

መጀመሪያ ዳርና ዳሩን ምቱ፤ ከዘንጉ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጥሩ። መካከለኛው መያዣ ሲባጎውን ሳይገፋ እንዲነካ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። ልስን ሆድ ያወጣል፣ ይሰረጉዳል፤ ግድግዳውን ተከትላችሁ ብትመቱ ዘንጉ ይጣመማል። ጣሪያው ራሱ ዘንበል ያለ ከሆነስ? ውሃ ልኩ ትክክል ቢልም ዓይን ዘንጉን የሚያመዛዝነው ከጣሪያው ጋር ነው። እኔ ልዩነቱን ለሁለት ከፍዬ መካከሉን እይዛለሁ፤ ግንበኛ ጓደኛዬ በዚህ ይስቅብኛል።

መጋጠሚያው መካከለኛው መያዣ ላይ ልክ ግማሽ በግማሽ ይቀመጥ። መያዣው ሰፋ ያለ ከሆነ ከሥር በሁለት አጭር ቪቴ፣ አንዱን ወደ ግራው ዘንግ፣ አንዱን ወደ ቀኙ፣ ያዙት። አሁን ኮላው ነገ ቢለቅ እንኳ እያንዳንዱ ዘንግ በሁለት ድጋፍ ላይ የቆመ ራሱን የቻለ አጭር ዘንግ ነው፤ አይወርድም።

ቀለበቶቹን አትርሱ። ሙሉ ክብ ቀለበት መካከለኛውን መያዣ አያልፍም። ከመካከል ወደ ግራና ቀኝ ለሚከፈት መጋረጃ ይህ ችግር አይደለም፤ ዘንጉ ከመቀመጡ በፊት ቀለበቶቹን ለሁለት ከፍላችሁ አስገቡ። እኔ 8 በአንድ ወገን፣ 12 በሌላው አስገብቼ ሁሉንም ፈትቻለሁ። መጋረጃው አንድ ወጥ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ግን ከሥሩ ክፍት የሆነ ቀለበትና ዘንጉን ከታች በጠባቡ የሚይዝ መያዣ ያስፈልጋል። ይህን ሱቅ ሳላችሁ ወስኑ።

በየዳሩ አንዲት ቀለበት ከመያዣው ውጪ፣ በመያዣውና በጉልላቱ መካከል ትቅር። መጋረጃው ሲከፈት ዳሩ ቦታውን እንዳይለቅ የምትይዘው እሷ ናት።

[ምስል፦ እጅ መጋረጃ ይስባል። የቀለበት መንቋቋት ይሰማል።]

እናቴ መጥታ ሳበችው። አልወረደም። «ግን ይይዛል» አለች። እውነቷን ነው፤ አዲስ ቫርኒሽ ቀለበት ያስቸግራል። መብራት ሲጠፋ የምናበራትን ሻማ አመጣሁና የዘንጉን የላይኛውን ጎን ከዳር እስከ ዳር አሸሁበት፤ መገናኛው ላይ ትንሽ ደጋግሜ። እንደገና ሳበችው።

[ምስል፦ መጋረጃው ያለ ድምፅ ይከፈታል።]