ስድስተኛውን ጥርስ ቁጠሩ

በአየር ላይ ሰዓት አጥሮኝ በጥድፊያ የመለስኳቸው የድሬዳዋ አድማጮች የጥርስ ጥያቄዎች አሉ። እዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሳቸው።

አንዲት እናት ከሳቢያን፦ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተበስቷል። ጎረቤቶቼ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ ተይው ይሉኛል።»

እህቴ፣ እንዳትተይው። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ልጁን ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጪና አፉን ይክፈት። ከፊት መሃል ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ የወለቀ ካለ ክፍተቱንም ቁጠሪው። የተበሳው ስድስተኛው ከሆነ የወተት ጥርስ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት ቋሚ ጥርስ ነው። 6 ዓመት ገደማ ላይ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ ብቅ ስለሚል ማንም ልብ አይለውም። ስንቱ ወላጅ ነው «ይወድቃል» ብሎ ሲጠብቀው ከርሞ፣ ምትክ እንደሌለው ስነግረው የሚደነግጠው! በጊዜ ከመጣ ተጸድቶ ይሞላል፣ አለቀ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ቢሆንም ግን አሳክሚው። እነሱ እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ያገለግላሉ። ቶሎ ከተነቀሉ ጎረቤት ጥርሶች ቦታውን ይይዙትና ቋሚው ተጣሞ ይወጣል። ማታ ማታ ደግሞ አንቺው ቦርሺለት፣ በዚህ ዕድሜ ብቻውን የኋላውን አያዳርሰውም።

እግረ መንገዴን፦ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ጥርሱ ነው» ብሎ ድዱን የሚቀድ ሰው ጋ መውሰድ ዛሬም አልቀረም። በእናታችሁ፣ ተዉት። ለተቅማጥ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) እና ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ባልጸዳ ስለት የሚገባው ኢንፌክሽን ሕፃን ይገድላል፤ ከሥር ገና እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል።

ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ከቀፊራ፦ «አቦ ዶክተር፣ በግራ በኩል ድዴ ሸሽቶ ጥርሴ ረዝሟል። ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ እስከ ጭንቅላቴ ይነዝረኛል። ጫት እቅማለሁ፣ አልዋሽህም።»

እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ ወንድሜ። ጫቱን የምትይዘው በግራ ጉንጭህ ነው አይደል? ለሰዓታት አንድ ቦታ የታመቀ ቅጠል ድዱን ይጎዳዋል፣ ድዱ ሲሸሽ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፣ ሥሩ ደግሞ እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ቅዝቃዜው ቀጥታ ይሰማሃል። በዚያ ላይ ጫት አፍ ያደርቃል። ጥርስን ከአሲድ የሚያጥበው ምራቅ ነው፣ እሱ ሲጠፋ መራራውን ለማባረር የምትልሰው ስኳርና የምትጎነጨው ለስላሳ ጥርስህ ላይ እንደተለጠፈ ይውላል። አንዱን ኮካ ከምሳ እስከ ማታ እየቆጠብክ ስትጎነጨው፣ ባንዴ ከመጨረስ የባሰ ነው።

ብታቆም ደስታዬ ነው። እስክታቆም ስኳሩንና ለስላሳውን በውሃ ተካው። ስትጨርስ አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለህ ቦርሽ። የጥርስ ሳሙናህ ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር፣ ያለው ይሁን። አረፋውን ትፋው እንጂ በውሃ አትታጠበው፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይሥራ። የሸሸው ድድ በራሱ አይመለስም፣ ሽሽቱን ግን ማቆም ይቻላል።

አንድ አባት፦ «ጥርሴ ሦስት ቀን አሰቃየኝ። አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩና ተወኝ። መታከም አለብኝ?»

አዎ አባቴ። መድኃኒቱ አስታግሶልዎት ይሆናል፣ ወይም ነርቩ ሞቶ ይሆናል ዝም ያለው። ቀዳዳው ግን እዚያው አለ፣ ሲመለስ ብሶ ነው የሚመለሰው። ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎት እስኪነጋ አይጠብቁ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከለገሃሬ፦ «መፋቂያ ብቻ ይበቃል? ብሩሽ ያደማኛል።»

መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ትኩስ ከሆነና ጫፉ በደንብ ከታኘከ። የኋላ ጥርሶችን በውስጥ በኩል ለማዳረስ ግን ያስቸግራል፣ ፍሎራይድም የለውም። ስለዚህ ማታ በብሩሽ ጨምሪበት። ድድሽን የሚያደማው ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነውና ደማ ብለሽ አታቋርጪ፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀጥዪ። በሁለት ሳምንት ካልተወሽ፣ የጠጠረውን ቆሻሻ ብሩሽ ስለማያወጣው፣ ክሊኒክ ሄደሽ ጥርስሽን አሳጥቢ።