ልጁ ሕክምናውን እንቢ ሲል፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለአድማጮች ጥያቄ የሰጡት መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን ከደወሉልን የጎጃም አድማጮች መካከል የሦስቱን ጥያቄ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሕፃናትን የሚያክሙ የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያ ከሰጧቸው መልስ ጋር እንደሚከተለው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም) የ4 ዓመት ወንድ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀኝ እጁ ይገታበታል። ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተብለን ወደ ፊዚዮቴራፒ እንመላለሳለን፤ ነገር ግን ገና የክፍሉን በር ሲያይ ያለቅሳል፣ እጁን ሲይዙት ደግሞ ይብስበታል። አስገድደን እናሠራው ወይስ ለጊዜው እንተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስገደዱም መተዉም አይበጅም። ሴሬብራል ፓልሲ ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ በምጥ ሰዓት ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ አእምሮ ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ነው፤ እጁ የሚገታውም ከአእምሮ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ስለሚዛባ ነው። ይህ መገታት ልጁ ሲፈራና ሲያለቅስ ይጠነክራል። ስለዚህ እያለቀሰ እጁን ለመዘርጋት ስንታገል የምንታገለው እኛው ራሳችን ካጠነከርነው ጡንቻ ጋር ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አስቀድመው ያስቡ። በብዙ ቤት ልጅ ሲያስቸግር «መርፌ አስወጋሃለሁ» ይባላል፤ ያ ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ ቢጮህ አይፈረድበትም። እባክዎ ይህ ማስፈራሪያ ከቤትዎ ይቅር።

እኔ እንዲህ የፈራ ልጅ ሲመጣ ጋውኔን አውልቄ ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጁም ከእናቱ ጭን አይወርድም። አንድ ጊዜ እጁን ጨርሶ የማያስነካ ልጅ መጥቶ፣ ያዘጋጀሁትን መጫወቻ ሁሉ ሲገፋ ከቆየ በኋላ፣ እናቱ ለስንቅ ከያዘችው የተጠበሰ በቆሎ ላይ ዓይኑ አረፈ። በቆሎውን በደህና እጁ አንስቶ በጥርሱ ሊግጥ ሲል፣ እናቱ በጣቷ እየፈለፈለች አንድ አንድ ፍሬ ታቀምሰው ጀመር። እሱም እንደ እሷ መፈልፈል አማረው፤ ያን ጊዜ ማንም ሳያዘው የታመመውን እጁን ዘርግቶ በቆሎውን ከጉልበቱ ጋር አጣብቆ ያዘበት። ለሳምንታት ስንለምነው የነበረው እንቅስቃሴ ይኸው ነበር። ሕክምናው ፍሬ የሚያፈራው ልጁ ራሱ ሊያደርገው በሚፈልገው ነገር ውስጥ ሲገባ መሆኑን ከዚያ ልጅ ይበልጥ ያስረዳኝ የለም።

እርስዎም ቤትዎ ውስጥ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሥራ ይፈልጉለት፤ በቆሎ መፈልፈል፣ የእንጀራ ሊጥ ሲያቦኩ ዕቃውን መያዝ፣ የቡና ስኒ በረከቦቱ ላይ መደርደር ሁሉ ይሆናል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለው ግን ጥሬውን ወደ አፍንጫውና ወደ ጉሮሮው እንዳይከት አጠገባቸው ይሁኑ። «እንሥራ ወይ?» ብለው ሲጠይቁት መልሱ «እንቢ» ነውና፣ «በቆሎውን እንፈልፍል ወይስ ስኒውን እንደርድር?» ብለው ምርጫውን ለእሱ ይስጡት። ሲያመሰግኑትም «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉት፤ «አውራ ጣትህ ስትከፈት አየሁ» ይበሉት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ሳይሰለቸውም ያቁሙ።

ጥያቄ፦ (አባት፣ ከቡሬ) የ6 ዓመት ልጄ ለመራመድ ልምምድ ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች። እንድትረጋጋ ስልኬን እሰጣታለሁ፤ ባለሙያዋ ግን አትስጣት አለችኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለሙያዋ ልክ ናት። ስልክ የያዘች ልጅ ጸጥ ትላለች እንጂ አትለማመድም፤ እግሯን ሌላ ሰው ያንቀሳቅስላታል፣ ሐሳቧ ግን ስልኩ ውስጥ ነው። እንቅስቃሴ የሚለመደው ደግሞ ልጅቷ ራሷ አስባ፣ ሞክራ፣ ስትስትም አርማ ስትደግመው ነው። ይልቁንስ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋግራችሁ ኩኩሉ አጫውቷት። አንተ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነህ «ነጋ» ስትላት፣ ልትፈልግህ የምትራመዳቸው አሥር እርምጃዎች የዕለቱ ልምምዷ ናቸው። ሌሊት ተነሥታ በአውቶቡስ ተንገላትታ የመጣች ልጅ ካልበላችና ጥቂት ካላረፈች ደግሞ ምንም ጨዋታ አያነሣሣትም፤ የሚቻል ከሆነ ቀጠሮዋን ረፋዱ ላይ አስደርግላት።

ጥያቄ፦ (አያት፣ ከሞጣ) የልጅ ልጄ ቆልማማ እግር በጄሶ ተስተካክሎለት በብረት የተያያዘ ጫማ ተሰጠው። ሌሊት ስለሚያለቅስ አባቱ ያወልቅለታል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ ይጎዳዋል። በፖንሴቲ ዘዴ፣ ማለትም በተከታታይ ጄሶ ቀስ በቀስ እየተቀና የተስተካከለ እግር ጫማው ቶሎ ከተተወ በአብዛኛው ተመልሶ ይቆለመማል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ አለበት። አባቱ የሚያወልቀው አንጀቱ እየተላወሰ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያለቅሰው አንዱን እግሩን ለብቻው ማወራጨት ስላልቻለ ነው። ቀን ላይ ብረቱን መካከሉ ላይ ይዘው፣ እያናገሩት ሁለቱን ጉልበቶቹን አብረው ያጥፉለት፣ አብረው ይዘርጉለት፤ ሁለቱን እግሮቹን በአንድነት መወራጨት ሲለምድ ልቅሶው ይቀንሳል። ካልሲው የጥጥ ይሁን፤ ተረከዙም ጫማው ውስጥ ወርዶ መቀመጡን ይዩ። ቆዳው ከቀላ፣ ጫማውን ካወለቁለት በኋላም ቅላቱ ካልጠፋ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በማግስቱ ወደ ሕክምናው ይውሰዱት።