በግል ስትሠሩ ታክሱን ማንም አይቆርጥላችሁም

[መግቢያ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ቪዲዮ አሜሪካ ሆናችሁ በግላችሁ ለምትሠሩ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ለምትጠብቁ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ለሱቅ ለምታስረክቡ፣ ሹሩባ ለምትሠሩ፣ ኡበር ለምትነዱ።

ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ቀጣሪው ታክሱን ቆርጦ የተረፈውን ነው የሚሰጣችሁ። በግል ስትሠሩ ግን የሚቆርጥላችሁ የለም። ሙሉው ገንዘብ እጃችሁ ይገባል፣ ቤት ኪራይ ትከፍላላችሁ፣ አገር ቤት ትልካላችሁ፣ ከዚያ የታክስ ማስገቢያው ወር ኤፕሪል ይደርሳል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዕዳዬ ሲነገረኝ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይሄን ቪዲዮ የምሠራውም ለዚያ ነው።

ብዙ ሰው «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ታክስ አይነካኝም» ይላል። የገቢ ታክሱ ላይነካችሁ ይችላል። ሌላ አለ ግን፣ ሰልፍ ኤምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው። ይሄ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለመንግሥት ጡረታ፣ እና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአረጋውያን ሕክምና፣ የሚከፈል መዋጮ ነው። ተቀጣሪ ግማሹን ይከፍላል፣ ግማሹን ቀጣሪው ይሸፍንለታል። እናንተ ሠራተኛም ቀጣሪም ስለሆናችሁ ሁለቱንም ትከፍላላችሁ፣ 15.3 በመቶ። የዓመት ትርፋችሁ 400 ዶላር ከደረሰ ይጀምራል። በካሽም ይምጣ በዜል ለውጥ የለውም። 1099 የሚባለው፣ ያሠራችሁ ስንት እንደከፈላችሁ የሚገልጸው ወረቀት፣ ካልመጣ አይቆጠርም የሚለው ወሬ ውሸት ነው፣ እባካችሁ አትመኑት።

[ስክሪን ላይ፦ 48,000 − 18,000 = 30,000]

እንበልና አንዲት እናት ፈቃድ አውጥታ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር ከፍታለች። በዓመት 48,000 ዶላር ገባላት። ለምግብ፣ ለመጫወቻ፣ ለኢንሹራንስ 18,000 አወጣች። ታክሱ የሚሰላው በትርፉ፣ በ30,000ው ላይ ነው። የዚያ 92.35 በመቶ ይወሰድና በ15.3 በመቶ ሲባዛ 4,239 ዶላር ገደማ ይመጣል። የገቢ ታክሱ ገና አልተጨመረም።

እስካሁን ግን የቤቱን ወጪ አላስገባንም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ዴይኬር ያላቸው እህቶቻችን ሳያውቁ ገንዘባቸውን የሚተዉት እዚህ ነው። ለሌላው ሥራ ሕጉ ጥብቅ ነው፣ ቦታው ለሥራ ብቻ መዋል አለበት። ቀን ደረሰኝ የምትጽፉበት፣ ማታ ልጃችሁ የቤት ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ አይቆጠርም። ፈቃድ ላለው ዴይኬር ግን ይሄ ተነስቷል። ሳሎኑ ቀን የሕፃናቱ፣ ማታ የቤተሰቡ ቢሆንም ይቆጠራል። ስፋቱና ሰዓቱ ይሰላል።

ቤቱ 1,500 ስኩዌር ፊት ነው፣ ለልጆቹ የሚውለው 600 ነው እንበል። 40 በመቶ ማለት ነው። በቀን 11 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ከሠራች 2,750 ሰዓት ይሆናል፣ ዓመቱ ደግሞ 8,760 ሰዓት አለው፣ ስለዚህ 31.4 በመቶ ገደማ። ሁለቱ ሲባዙ 12.56 በመቶ ይመጣል። ኪራይዋ በወር 2,400 ከሆነ ከዓመቱ ኪራይ 3,600 ዶላር አካባቢ ከትርፏ ላይ ይቀነስላታል። መብራቱና ውሃውም በዚሁ ስሌት። ከኪራዩ ብቻ ሰልፍ ኤምፕሎይመንት ታክሷ በ500 ዶላር ገደማ ይቀንሳል። ይሄን ለማግኘት የሠራችበትን ቀንና ሰዓት የጻፈችበት ደብተር ያስፈልጋታል። አንድ ደብተር፣ በቃ።

ለሾፌሮች ደግሞ ደብተሩ የማይል ነው። በ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል ከትርፋችሁ ላይ 70 ሳንቲም ይቀንስላችኋል። 20,000 ማይል ማለት 14,000 ዶላር ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ግን ቤንዚንና ዘይት ለብቻ አታስገቡም።

ታክሱን ከየት እንክፈለው? እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ወጪዬን ሸፍኜ ከሚተርፈኝ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 25 ወይም 30 ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ካርድ የሌለው አካውንት፣ በችግርም ቢሆን የማልነካው። ከዚያ በዓመት አራት ጊዜ እከፍላለሁ፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሚጠብቃችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በአራት ከፋፍላችሁ መክፈል አለባችሁ። አይአርኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽ ላይ ከባንካችሁ በቀጥታ ይከፈላል፣ የአገልግሎት ክፍያም የለውም።

ገንዘቡ ባይኖራችሁስ? ፋይል አድርጉ፣ ማለትም የታክስ ወረቀታችሁን አስገቡ! ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። ፋይል ያላደረገ በየወሩ ካልተከፈለው ታክስ 5 በመቶ ይቀጣል፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ። ፋይል አድርጎ ያልከፈለ ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። ወለዱ እንዳለ ሆኖ፣ ዕዳውን በየወሩ እየከፈላችሁ እንድትጨርሱ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከተቀበለ መፈረም ግዴታው ነው። «አንተ ፈርም፣ የኔ ስም አይግባ» ካላችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

[ስክሪን ላይ፦ 40 ክሬዲት]

አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፣ አብዛኛውን በካሽ፣ ሳያስመዘግቡ። ጡረታ ልውጣ ሲሉ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ታክስ ከተከፈለበት ገቢ የሚሰበሰብ ነጥብ፣ ያስፈልጋል ተባሉ፣ እሳቸው አልሞላላቸውም። አሁንም ይነዳሉ። በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ክሬዲት ነው፣ ለ2025 አራቱን ለማግኘት 7,240 ዶላር ገቢ በቂ ነበር። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ያን ያህል እንደሚያገኙ አውቃለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱና የየዓመቱን ገቢ ተመልከቱ። በሠራችሁበት ዓመት ፊት ለፊት ዜሮ ካያችሁ ሁልጊዜ ረፍዷል ማለት አይደለም። በግል የተሠራ ገቢ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ድረስ ፋይል ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የ2023 ሥራችሁ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15፣ 2027 ነው።